የአስያ ተራ

ዶክተር በዛብህ ሣህሌ ከሁሉ በፊት ጆሮውን የሚያስቀድም ሰው ነበር። «እሱ እኮ እጅህን ሳይጨብጥ ደረትህን ያዳምጣል» እያለ የአሰላ ሰው ይቀልድበታል፤ ውሸትም አይደለም። አሰላ ተወልዶ፣ አዲስ አበባ ተምሮ ሐኪም ሆነ። ያ አልበቃው ብሎ ደግሞ በእንግሊዝ አገር አንድ ዩኒቨርሲቲ በልብና በደም ሥር ሕክምና የምርምር ዲግሪ ሊይዝ ተመዘገበ። ጥናቱን የሚሠራው ግን እዚሁ አርሲ ውስጥ ነው። ዘመኑ ስድሳ አራት ዓመተ ምሕረት፣ ትራክተር የጭሰኛውን ደጅ እያረሰ መምጣት የጀመረበት ጊዜ ነው።

እናቱ ወይዘሮ በቀለች ነገሩ ፈጽሞ አልገባቸውም።

«ሐኪም ነህ አይደል?» ይሉታል።

«ነኝ እንጂ እማዬ።»

«ታዲያ ሐኪም ሆኖ መልሶ ተማሪ መሆን ምን የሚሉት ነው? እኩዮችህ ልጅ ድረው የልጅ ልጅ ሊስሙ ነው፤ አንተ የሰው ልጅ ልብ ስታዳምጥ ልትሸብት?»

«ይሄ ጥናት ይለቅና አገባለሁ።»

«እሱ ሲያልቅ እኔም አልቃለሁ!»

ይስቃል። ይሳቅ እንጂ ነገሩ ለሱ ቀልድ አልነበረም። የሚያጠናው በሽታ ተንኮለኛ ነው። ልጅ ጉሮሮዬን ይላል፣ ይሻለዋል። ከዚያ ጉልበቱና ቁርጭምጭሚቱ ያብጣል፣ እሱም ያልፋል። እናት ተመስገን ብላ ሳትጨርስ በሽታው ልብ ውስጥ ገብቶ ተቀምጧል፤ ጉሮሮው በታመመ ቁጥር እየተመለሰ የልብን በሮች ያበላሻል። በየወሩ የፔኒሲሊን መርፌ የተወጋ ልጅ ግን ከዚህ ይተርፋል። ይህ በሌላ አገር ታውቋል። በዛብህ ሊያሳይ የተነሳው፣ ሐኪም ቤት በሌለበት ደጋ፣ በገበያ ቀን፣ በጽድ ዛፍ ሥር ቢወጋም እንደሚሠራ ነው። ይህን ካሳየ ዲግሪውን ይይዛል፤ ከዲግሪው ጋር ደግሞ መድኃኒቱ ለአውራጃው ሁሉ ይመጣል። እንዲህ ነበር ሐሳቡ፣ መልካም ሐሳብ ነበር።

የጥናቱ ቦታ ዲክሲስ ነው። ልባቸው የተጎዳ ልጆችን መርጦ ለእያንዳንዳቸው ቁጥር የተጻፈባት ትንሽ ቆርቆሮ በክር አድርጎ አንገታቸው ላይ አሰረ። መርፌውን በየወሩ የሚወጋው ከዲሮ የሚባል ድሬሰር ነው፤ የኢተያ ሰው፣ እጁ የቀለለ፣ ወሬ የማያበዛ። በዛብህ ራሱ የአሰላው ሆስፒታል ሥራ ስለሚይዘው አንዱን ወር እየዘለለ ነበር የሚመጣው፤ ልባቸውን ያዳምጥና ይመለሳል።

ቁጥር ሃያ ሰባት አስያ ነበረች። ዐሥር ዓመት ያልሞላት ቀጭን ልጅ፣ ሻሿን እስከ ቅንድቧ ያወረደች፣ ዐይኗን ከመሬት የማታነሳ። ያመጣት አባቷ ሁሴኖ፣ የዲክሲስ ገበሬ ነው። በዛብህ ማዳመጫውን ከግራ ደረቷ ላይ ሲያሳርፍ የቀጥቃጭ ወናፍ የሰማ መሰለው። ልቧ በመታ ቁጥር ሽው ይላል።

«ኦቦ ሁሴኖ፣» አለ በኦሮምኛ፤ አሰላ ተወልዶ ኦሮምኛ የማይችል የለም፣ «የልጅዎ ልብ ተጎድቷል። ይህ መርፌ ልብ ይጠብቃል። በየወሩ ይምጡ፤ አንድም ወር እንዳይቀርብኝ።»

«ልብ ይጠብቃል?»

«ልብ ይጠብቃል።»

ሁሴኖ በረጅሙ አሰበና ራሱን ነቀነቀ። «እሺ ዶክተር። ወሩ አይቀርም። አላህ ምስክሬ ነው።»

በዛብህ ሌላ የጠየቀው ነገር የለም። ስንት ልጅ አለዎት አላለም፤ መርፌው ለታመመው ብቻ ነው አላለም። እንዲህ ያለውን ነገር መንገር አስፈላጊ አልመሰለውም። የተማረ ሰው ግልጽ የመሰለውን ነገር ለሌላ ሰው አይነግርም፤ ስንቱ ጣጣ የሚመጣውም ከዚህ ነው።

በሚቀጥለው ጉዞው ቁጥር ሃያ ሰባትን አስቀምጦ አዳመጠ። ደገመና አዳመጠ። ማዳመጫውን ከጆሮው አውጥቶ መታ መታ አደረገና መልሶ ከተተው። ወናፉ የለም! ጥርት ያለ፣ ምንም እንከን የሌለበት የጤነኛ ልጅ ልብ።

«ከዲሮ!» ብሎ ጮኸ። «የዚችን መርፌ አላጎደልክም?»

«የለም ዶክተር። ቆርቆሮዋን አይቼ ወግቻለሁ።»

በዛብህ ልቡ ቅቤ ጠጣ። ልጅቷ ወፈር ብላለች፣ ጉንጯም ሞልቷል፤ መድኃኒቱ ነዋ! የልብ በር አንዴ ከተጎዳ በዚህ ፍጥነት እንደማይጠገን ያውቃል። ያስተማሩት ነገር ነው፣ ራሱም ለሌሎች ያስተማረው። ግን የሚፈልገውን የሰማ ሰው ጆሮዬ ተሳስቷል ይላል? ከአንድ ወር በኋላ ከዲሮ ብቻውን ሄዶ ወግቶ መጣ። በተከታዩ ወር በዛብህ ሄደ፤ አሁንም ልቧ ጥርት ያለ ነው። በዚያው ሳምንት እንግሊዝ አገር ላለው ፕሮፌሰሩ ጻፈ። ከልጆቼ የአንዷ ልብ ጠራ፣ ጥናቴ ካሰብኩት በላይ ሆነ አለ።

ወይዘሮ በቀለች ልጃቸው በደስታ ሲክለፈለፍ አይተው፣ «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» አሉት። የሰማቸው የለም።

ፕሮፌሰሩ ነገሩ ስለገረመው ራሱ ሊያዳምጥ መጣ። ክረምቱ እንዳለፈ፣ ስንዴው ገና ሳይደርቅ ነው የደረሰው፤ ፊቱ በደጋው ፀሐይ ቀይ የሆነ፣ ትሁት ሽማግሌ። የመርፌው ቀን አልነበረም። በዛብህ ከገበያ በሚመለሱ ሰዎች ለሁሴኖ መልእክት ላከ፦ «ልጅቷን ያምጡልኝ፤ ከባሕር ማዶ የመጣ እንግዳ ሊያያት ይፈልጋል።» ሌሊቱን ሙሉ ደስታ እንቅልፍ ነሳው።

በማግሥቱ ላንድሮቨሩ ዲክሲስ ሲደርስ ሁሴኖ ከጽዱ ሥር ቆሟል። ልጅቷን አራት ሰው በቃሬዛ ተሸክሞ አምጥቷታል።

አስያ ነበረች። ሻሿ ወደ ኋላ ሸርተት ብሏል። እግሯ አብጧል፣ ከንፈሯ ጠቁሯል፣ ለእያንዳንዷ ትንፋሽ ትከሻዋን ታነሳለች። ቆርቆሮዋ አንገቷ ላይ ናት። በዛብህ ማዳመጫውን ሲያሳርፍ ወናፉ ተመልሷል፣ ያውም በርትቶ። ፕሮፌሰሩም ጎንበስ ብሎ አዳመጠ። ቀና ሲል ፊቱ ላይ ትሕትናው ብቻ ቀርቶ ነበር፤ ደስታው ጠፍቷል።

«በሽታው ተመለሰባት፣» አለ በዛብህ በእንግሊዝኛ። «መርፌውን አንድም ወር ሳታጎድል!»

ያን ጊዜ ነው ከቃሬዛው ጀርባ የቆመችውን ልጅ ያያት። የአስያን ነጠላ ጫማ በእጇ ይዛለች። ጉንጯ የሞላ፣ ወፈር ያለች። ዐይኗን አንስታ አየችውና በደንብ እንደሚያውቃት ሁሉ ፈገግ አለችለት።

ማዳመጫውን ከጆሮው አወጣ።

«ኦቦ ሁሴኖ፣ ይቺ ማን ናት?»

«ሙሚና ናት እንጂ! አያውቋትም እንዴ?» ሁሴኖ ተገረመ። «አስያ ከትልቋ ሚስቴ ከአይሻ ናት፤ ሙሚና ከፋጡ። ሁለቱንም እርስዎ ያዳመጧቸው ናቸው።»

«እኔ የመዘገብኩት አንዷን ነው!»

«እኮ! አንድ መርፌ ሰጡኝ፤ ቤቴ ግን ሁለት ነው። ልብ ይጠብቃል ብለው ነግረውኝ የለም? ፋጡ ምን አለችኝ መሰለዎት? የኔ ልጅ ልብ ድንጋይ ነው ወይ አለችኝ። እውነቷን ነው። ቅቤ ስገዛ ለሁለቱም እገዛለሁ፤ ሻሽ ብገዛ ለሁለቱም ነው። ሁለት ሚስት አግብቶ ወደ አንዷ ያጋደለ ሰው በፍርድ ቀን ግማሽ ጎኑ ተንጋዶ እንደሚቆም ሼኾቹ ነግረውናል። ስለዚህ ተራ አወጣሁ። አንድ ወር የአስያ፣ አንድ ወር የሙሚና። ቆርቆሮዋን ከአንዷ አንገት ወደ አንዷ እያዞርኩ አንድም ወር ሳላጎድል አመጣሁ። ባለፈው የሙሚና ነበር፤ አሁን ሲጠሩኝ ተራው የአስያ ስለሆነ ብትታመምም እሷን አመጣሁ። እንደ ቃሌ አላደረግኩም?»

መርፌው ከምዝገባው ቀጥሎ ባለው ወር ስለተጀመረ፣ የአስያ ተራ ሁልጊዜ በዛብህ በሚቀርበት ወር ላይ ነበር የዋለው። እሱ የሚያዳምጠው ሙሚናን፣ ጤነኛዋን ነው። ከዲሮ ደግሞ ቆርቆሮ አይቶ ወጋ። አንደኛው ደረት ያያል፣ ሁለተኛው መቀመጫ ያያል፤ ፊት የሚያይ ጠፋ። አይ ትምህርት! አይ ጆሮ! ጆሮ ለባለቤቱ ባዕድ ነው ማለት እንዲህ ነው።

«ምን አለ?» አለ ፕሮፌሰሩ።

ከጽዱ ሥር እንግሊዝኛና ኦሮምኛ የሚያውቅ ከበዛብህ በቀር ሰው የለም። የፈለገውን ቢል ፕሮፌሰሩ ያምነው ነበር። በክረምቱ ታመመች ይላል ቢለው ነገሩ እዚያው ያልቃል፤ ዲግሪው ቢዘገይ እንጂ አይጠፋም። እሱ ግን ሁሉንም እንዳለ ተረጎመለት፤ ሻሹንም፣ ቅቤውንም፣ የተንጋደደውን ጎንም።

ፕሮፌሰሩ ማዳመጫውን አጥፎ ኪሱ ከተተ። «ይህቺን ሳታውቃት ከቀረህ፣» አለ በቀስታ፣ «ሌሎቹን ማወቅህን በምን አምናለሁ? እንደገና ከመጀመሪያው መጀመር አለብህ። ወይም መተው።»

በዛብህ አስያን አቅፎ ላንድሮቨሩ ውስጥ አስገባት።

አሰላ ሆስፒታል አስተኛት። ውሃ የሚያወጣ መድኃኒት ሰጣት፣ ኦክስጅን አደረገላት፣ የሚችለውን ሁሉ አደረገ። አንድ ቀን ጧት መርፌ ይዞ ሲገባ ዐይኗን ገለጠች።

«ዛሬ የኔ ተራ ነው?» አለችው።

«አዎ የኔ እናት፣ ያንቺ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ሁልጊዜ ያንቺ ነው።»

ትንሽ ተነፈሰች። «ሙሚናስ?»

እጇን ያዘ። እሑድ ዕለት ሞተች። ወጣ ብሎ ከሆስፒታሉ ግድግዳ ጋር ተደግፎ አለቀሰ፤ ያየው ሰው ሁሉ ዘመዱ የሞተበት መስሎት አጽናናው።

ለቅሶ ሊደርስ ዲክሲስ ሄደ። ሁሴኖ ከወንዶቹ መካከል ተነስቶ ወደ ጎን ወሰደው። በሁለት ቀን ውስጥ አርጅቷል።

«ዶክተር፣ አንድ ነገር ይንገሩኝ፤ እንቅልፍ የነሳኝ እሱ ነው። አጋደልኩ እንዴ? ለአስያ ያጎደልኩባት ነገር አለ?»

ከሴቶቹ በኩል የአይሻ ልቅሶ ይሰማል። ጎኗ ፋጡ ተቀምጣለች፣ ጣውንቷን አቅፋ እሷም ታለቅሳለች። ሙሚና በሁለቱ ጉልበት መካከል ተኝታለች። በዛብህ ይህን አየ። ይቺ ጤነኛ ልጅ የእህቷን መድኃኒት ተካፍላለች ብል ይህ ቤት ምን ይሆናል? አይሻ ነገ ሙሚናን በምን ዐይን ታያታለች?

«የለም ኦቦ ሁሴኖ፣» አለው። «እርስዎ ምንም አላጎደሉም። መድኃኒቱ ነው አቅም ያነሰው። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ሁሴኖ እጁን ስሞ አለቀሰ። በዛብህም ምሕረት ያደረገ መስሎት፣ ቢያንስ ይሄን በደህና አደረግኩ ብሎ ወደ አሰላ ተመለሰ።

በመርፌው ቀን ከከዲሮ ጋር ሄዱ። መርፌዎቹን ቀቅለው፣ ጠረጴዛውን ከጽዱ ሥር ዘርግተው ጠበቁ። ገበያው ሞቅ ብሏል፤ ገብስና ስንዴ የጫኑ አህዮች በፊታቸው ያልፋሉ። አንድም ልጅ አልመጣም። ቆርቆሮ ያሰሩ ልጆች ከእናቶቻቸው ጋር ሲያልፉ ያያቸዋል፤ እናቶቹ በነጠላቸው ከልለው ይወስዷቸዋል።

«ምን ሆኑ?» አለ በዛብህ።

ከዲሮ አቀረቀረ። «ዶክተር፣ እርስዎ ራስዎ በለቅሶው ላይ መድኃኒቱ አቅም የለውም ብለዋል አሉ። ሁሴኖ ነው የተናገረው፤ እያመሰገነዎት ነው ደግሞ። እውነተኛ ሰው ነው፣ መድኃኒቴ አይሠራም ብሎ አመነልኝ እያለ።»

በዛብህ እነዚያን ልጆች ሁሉ አንድ በአንድ አሰባቸው። ወናፋቸው በጆሮው ላይ ነው። በሚመጣው ክረምት ጉሮሯቸውን ሲታመሙ ከአስያ ጎን ስንቶቹ ይቀበራሉ? ለአንድ ቤት የዋለው ምሕረት ለስንት ቤት መርዶ ሆነ! ደግሞ እንደገና ያላየው ነገር! ከተቀመጠበት ተነሳ።

«ወዴት ነው?» አለ ከዲሮ።

«ሁሴኖ ቤት።»

«ምን ሊሏቸው?»

«እኔም አላውቅም።»

ሁሴኖ ከደጁ ላይ በርጩማ አወጣለት፤ አይሻ እርጎ ይዛ መጣች። ፋጡም ከወዲያኛው ጎጆ ወጣች፤ ሙሚና ከኋላዋ። በዛብህ እርጎውን አልተቀበለም። ተነስቶ እንዳይሸሽ ሁለት እጆቹን ጉልበቱ ላይ ጫነ።

«ዋሽቻችኋለሁ፣» አለ። «መድኃኒቱ አቅም አለው። በየወሩ ለአንድ ልጅ ሲሰጥ ይጠብቃል። ለሁለት ሲካፈል ለማንም አይሆንም። ሙሚና ጤነኛ ናት፣ አያስፈልጋትም ነበር። አስያ ተራዋ ባልሆነበት ወር ነው ጉሮሮዋን የታመመችው። ይህን አስቀድሜ መንገር የኔ ፈንታ ነበር፤ አልነገርኩም። ፊቷንም ለይቼ አላየሁም።»

አይሻ የእርጎውን ዋንጫ እንደያዘች ቀረች። ፋጡ ሙሚናን ወደ ጎጆዋ ልታስገባት እጇን ያዘች፤ ልጅቱ ግን ባለችበት ቆመች።

ሁሴኖ ወደ በዛብህ ቀረበ። «እንግዲያ፣» አለ፣ «ባጋድል ኖሮ ትተርፍ ነበር?»

ምናልባት ማለት ይችል ነበር። ጥናቱ ያስተማረው ቃል እሱ ነው፤ ምናልባት፣ ሊሆን ይችላል፣ ገና አልተረጋገጠም። የሰውየው ዐይን ግን ፊቱ ላይ ተተክሏል።

«አዎ ኦቦ ሁሴኖ። ትተርፍ ነበር።»

አይሻ ዋንጫውን መሬት ላይ አስቀመጠች። ወደ ሙሚና ሄደች። በዛብህ ከበርጩማው ብድግ አለ። አይሻ የልጅቱን አገጭ ይዛ ቀና አደረገችና ፊቷን ለረጅም ጊዜ አየችው፣ ልጇን እዚያ ውስጥ የምትፈልግ ይመስል። ከዚያ ለቀቀቻት። ጎጆዋ ገብታ በሩን ከውስጥ ዘጋች። ያ በር ለጣውንቷ እንደገና ተከፈተ አልተከፈተ በዛብህ አላወቀም፤ የመጠየቅ ድፍረትም አልነበረውም።

በሚቀጥለው ወር የመርፌ ቀን ከጽዱ ሥር ሲደርሱ ሰው ተሰብስቦ አገኙ። መሐል ላይ ሁሴኖ ቆሟል። ማንም አላስገደደውም፣ ማንም አልጠራውም። የአስያን ቆርቆሮ በክሩ አንጠልጥሎ ከፍ አድርጓል።

«ስሙኝ!» ይላል። ድምፁ ጎርናና ሆኗል። «ቅቤ ይካፈላል። እህል ይካፈላል። ይሄ መርፌ አይካፈልም! ያካፈልኩ እኔ ነኝ፣ ልጄን የቀበርኩም እኔ ነኝ። አጋድሉ! ለታመመው አጋድሉ፤ በፍርድ ቀን የሚጠየቀውን እኔ እጠየቃለሁ።»

እናቶቹ ልጆቻቸውን እየያዙ ወደ ጠረጴዛው መምጣት ጀመሩ። ከዲሮ መርፌውን አነሳ። በዛብህ የመጀመሪያዋን ልጅ አስቀመጣትና ማዳመጫውን ከአንገቱ ሊያወርድ ሲል ተወው። ሻሿን ቀስ አድርጎ ወደ ኋላ መለሰላት።

«ስምሽ ማነው?» አላት።